ባትሪው እንዳይደክም 80 ፐርሰንት ላይ ላቁመው ወይስ ሙሉ ልሙላው? (ጎንደር ላላችሁ ኤሌክትሪክ መኪና ነጂዎች)

የማክሰኝቱ፦

ሰላም ለዚህ ቤት፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው የመጣሁት። ያለኝ ቮልስዋገን አይዲ4 ነው ትልቁ ባትሪ ያለው፣ ያው በ2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ሁሉም ወደዚህ ሲዞር እኔም ዞርኩ፣ የቤንዚን ሰልፉን ደግሞ ስለምታውቁት አላወራውም። ከአዘዞ ፒያሳ መመላለስ ነው ስራዬ፣ ከዛ አልፎ አልፎ ማክሰኝት ቤተሰብ ጋ፣ አንዳንዴ ባህርዳር።

ችግሩ ምንድነው መጀመሪያ እንደገዛሁት ሙሉ ሲሆን ዳሽቦርዱ ያሳይ የነበረው ኪሎሜትርና አሁን ሚያሳየው አንድ አደለም፣ በደንብ ወርዷል። ሰው ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ይለኛል። መካኒኩ "ዜሮ እስኪገባ ንዳውና ከዛ ሙላው፣ ባትሪ እንደዛ ነው ሚታደሰው" አለኝ። መስሪያ ቤት ያለ ጓደኛዬ "ከ80 ካሳለፍከው ገደልከው በቃ" ይላል። አማቴ ደግሞ "መብራት እያለ ያልሞላኸውን መቼ ልትሞላው ነው" ይሉኛል፣ እና እውነት ለመናገር ማታ ማታ ሚያሸንፉት እሳቸው ናቸው ምክንያቱም እኛ ሰፈር መብራት ከሄደ መቼ እንደሚመለስ ሚያውቅ የለም ስለዚህ ማታ ሰክቼ 100 ሆኖ ነው ሚያድረው። አሁን ባትሪው እየሞተ ነው ማለት ነው? ማንን ልስማ? የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ጠይቄ የነገሩኝን ከምፅፈው ባልፅፈው ይሻላል።

በላቸው_ንዳው፦

ወንድሜ መኪና ሚገዛው ለመንዳት ነው የባትሪ ዘበኛ ለመሆን አደለም 😀 ሙላው ንዳው ሲያልቅ ሙላው። ግን መካኒኩን አትስማው፣ እሱ ስለ ካርቡሬተር ሲያወራ ብቻ ነው ሚሰማው።

ቮልት_ከአራዳ፦

በላቸው ግማሹን ልክ ነው። የመካኒኩን ምክር ግን ዛሬውኑ እርሱት፣ ዜሮ ማስገባት ሚባለው የድሮው ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ወሬ ነው፣ በሬዲዮና በድሮ ስልክ ጊዜ የቀረ። ሊቲየም እንደዛ አይሰራም፣ ባዶ ሆኖ ሲሰነብት እንደውም ይጎዳል።

አሁን ባትሪ በምን ይደክማል ካልክ በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በመሙላትና በመጠቀም፣ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው ግን ዝም ብሎ ቆሞም ያረጃል፣ ሰው ሚረሳው እሱን ነው። ሴሉ ውስጥ ግራፋይቱን ሚሸፍን ስስ የሆነ ነገር አለ፣ መጀመሪያ ሲሞላ ነው ሚፈጠረው፣ እሱ ባይኖር ባትሪው አይሰራም፣ ግን እያደር ይወፍራል፣ በወፈረ ቁጥር ደግሞ ወዲህና ወዲያ ሚመላለሰውን ሊቲየም እየበላ ነው ሚወፍረው፣ የተበላው ሊቲየም ደግሞ አይመለስም። ይሄን ሚያፈጥኑት ሙቀትና ከፍ ያለ ቻርጅ ናቸው፣ ሁለቱ ከተገናኙ ይብሳል። ስለዚህ ጥፋቱ 100 መድረሱ ብቻ አደለም፣ 100 ላይ ደርሶ እዛው መክረሙ ነው። ማታ 5 ሰዓት ላይ ሞልቶ እስከ ጠዋት፣ ከዛ ቅዳሜና እሁድ ካልተነዳ ሁለት ቀን ሙሉ ደጅ ፀሀይ ላይ፣ እሱ ነው ሚያስረጀው። ሞልተህ በጠዋቱ ባህርዳር ብትነዳው ምንም አይልህም።

ያንተ አይዲ4 ባትሪው ኒኬል ማንጋኒዝ ኮባልት ያለበት ነው፣ ለዚህ አይነቱ ፋብሪካው ራሱ ለየቀኑ 80 አድርጉት ነው ሚለው፣ 100ን ለረጅም መንገድ። መኪናው ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ አንዴ 80 ብለህ ካስተካከልከው ራሱ ይቆማል፣ አንተ ሌሊት ተነስተህ ምትነቅልበት ምክንያት የለም።

ኪሎሜትሩ መውረዱን በተመለከተ፣ ያ ቁጥር ግምት ነው እንጂ የባትሪው ልክ አደለም። መኪናው በቅርብ ጊዜ እንዴት እንደነዳኸው አይቶ ነው ሚገምተው። አንተ ደግሞ ከአዘዞ ፒያሳ ዳገት ነው ምትወጣው፣ አጭር መንገድ፣ ባጃጅ እየተሻማህ፣ ቆም ሄድ፣ ኤሲ ከፍተህ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ። ትክክለኛውን ማወቅ ከፈለግክ ኦቢዲ (መኪናው ላይ ተሰክቶ የውስጡን መረጃ ሚያነብ ትንሽ እቃ) ገዝተህ በስልክ ማየት ይቻላል፣ ግን ቤትህ ካርድ ቆጣሪ ካለ በነፃ ትለካዋለህ። 30 ፐርሰንት ላይ ስትደርስ የቆጣሪውን ቁጥር ፃፍ፣ ሰካው፣ 80 ላይ ሲቆም እንደገና ፃፍ። ልዩነቱ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ ነው። ፍሪጅና አምፖል ትንሽ ነው ሚበሉት፣ የዛን እለት ግን እንጀራ እንዳይጋገር 😀 የገባውን ይዘህ ና እናሰላዋለን።

ሲጋል_ነጂዋ፦

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ነው ምሰማው። ያለችኝ ቢዋይዲ ሲጋል ናት ትልቋ ባትሪ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ያላት፣ የሸጠልኝ ሰው "ሁሌ 100 ሙይ ምንም አትሆንም" ብሎኛል እና እንደዛው ነበር ማደርገው። አሁን ቮልት ሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። ደግሞ እኔ ስሞላት ሁሌ 405 ኪሎሜትር ነው ምትለው አንድም ቀን አልወረደም። ምንድነው ልዩነቱ?

ሌላ ደግሞ ልጠይቅ፣ በቅርቡ ግን ለጥቂት ሳምንት 80 ላይ እያቆምኩ ስጠቀም ቆየሁና አንድ ቀን ከአዘዞ ስመለስ 18 ፐርሰንት ይል የነበረው ዳገቱ መሃል ላይ ሳይታሰብ 9 ሆነ። ልቤ ቀጥ ልትል ነበር፣ ልጆች ከኋላ ጭኜ። ባትሪዋ ተበላሸች?

ቮልት_ከአራዳ፦

አትደንግጪ እህቴ፣ ያንቺ ሌላ አይነት ነው። ቢዋይዲ ብሌድ ሚለው ባትሪ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፣ ኒኬልም ኮባልትም የለውም። እድሜው ረጅም ነው፣ ሙቀትም ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ሞልተሽ ብትጨርሺው አይከፋውም። ግን አንድ ባህሪ አለው፣ ቮልቴጁ መሃል ላይ ዝርግ ነው። 80 ላይም 40 ላይም ቮልቴጁ ሊመሳሰል ምንም አይቀረው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቮልቴጅ አይቶ ስንት እንደቀረ ማወቅ ይቸግረዋል፣ የገባውንና የወጣውን እየቆጠረ ነው ሚገምተው፣ ቆጠራው ደግሞ እየዋለ እያደረ ይስታል። ሲሞላ 100 አካባቢ ቮልቴጁ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ያኔ "አሃ ሞልቷል" ብሎ ቆጠራውን ያስተካክላል። አንቺ ለሳምንታት 80 ላይ ስታቆሚው ማስተካከያ አላገኘም፣ ታች ሲደርስ ቮልቴጁ ሲወርድ እውነቱን አይቶ ከ18 ወደ 9 ዘለለ። ብልሽት አደለም። አንዴ ሙሉ ሙዪና ሞልታ ካቆመች በኋላም ትንሽ ተሰክታ ትቆይ ሴሎቹን እንድታመጣጥን። ቴስላ ለዚህ አይነት ባትሪ ቢያንስ በሳምንት አንዴ 100 አድርሱት ነው ሚለው፣ ላንቺም ይሰራል።

405 ሚለው ደግሞ ቻይና ፋብሪካው የፃፈላት ቁጥር ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ካልቀየርሽው ባትሪዋ ደከመም አልደከመም 405 ነው ምትለው፣ በሱ አትለኪ። በጎንደር ዳገትማ 405 ህልም ነው።

በላቸው_ንዳው፦

አያችሁ፣ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ሙሉት 😀 ሊቲየም አይረን ከሆነ በየቀኑ 100 ችግር የለውም አበቃ።

ቮልት_ከአራዳ፦

አበቃ አይባልም አያ በላቸው። ካናዳ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የጄፍ ዳን ላብራቶሪ አለ፣ ባትሪ እድሜ ላይ በዓለም ስማቸው ከሚጠሩት አንዱ ነው፣ እነሱ ሊቲየም አይረንንም ፈትሸው ከፍ ባለ ቻርጅ አካባቢ ሚውል ሚያድር ሴል ቶሎ እንደሚደክም ነው ያገኙት። ማለትም ይችላል ማለት ይወዳል ማለት አደለም። 100 ሚሞላው ኮምፒውተሩ እንዳይስት ነው እንጂ ለባትሪው ጤና ተብሎ አደለም። እኔ ሲጋል ቢኖረኝ በሳምንት አንዴ ወይ መንገድ ሲኖረኝ 100፣ በተረፈው ቀን 80ም 90ም ያገኘሁት ላይ እነቅላለሁ። ግን ለሱ ብላ እንቅልፍ ካጣች ተሳስታለች፣ ልዩነቱ በአመታት ነው ሚታየው።

ሊማሊሞ_ቁልቁለት፦

ከላይ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር አልተነሳም፣ የኛ አገር መንገድ። እኔ ደባርቅ እመላለሳለሁ፣ መኪናዬም ከጠያቂው ጋ አንድ ነው። ከጎንደር አምባጊዮርጊስ 700 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው ሚጨምረው። ሰውና እቃ ሲጨመር ከ2 ቶን በላይ ሚከብድ መኪና 700 ሜትር ሽቅብ ማውጣት ብቻውን ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ ያው ፊዚክስ ነው፣ ከአይዲ4 ባትሪ 5 ፐርሰንት ማለት ነው መንገዱ ራሱ ሚወስደውን ሳትቆጥር። ሰው ይሄን አይቶ "ባትሪዬ ደከመ" ይላል። አልደከመም ተራራ ወጣህ ነው። ስትመለስ አብዛኛውን ቁልቁል ስትወርድ ይመልስልሃል፣ ሁሉንም ባይሆን።

እና እዚህ ላይ ነው የ100 ሌላው ጣጣ። ባትሪ ሙሉ ሆኖ ቁልቁለት ብትጀምር ሞተሩ ሚመልሰው ኤሌክትሪክ ሚገባበት ቦታ ስለሌለ መኪናው እንደለመድከው ራሱ አይዝልህም፣ ፍሬን ብቻ ነው ሚቀርህ። ፔዳሉን ስትለቅ ወትሮ ሚጎትተው መኪና ማርሽ እንደወጣ መኪና ሆኖ ይንሸራተታል፣ ለማያውቀው ሰው ያስደነግጣል። ደባርቅ አድሬ ሊማሊሞን ምወርድ ከሆነ ጭራሽ 100 አልሞላም፣ 75 ቢሆን ይበቃኛል፣ ቁልቁለቱ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ማየት ደግሞ ደስ ይላል። ከፒያሳ ጀምሮ ወደ አዘዞ ሚወርድም ያው ነው በትንሹ። ላይ ሰፈር ያላችሁ ማታ ሞልታችሁ ጠዋት ቁልቁል ምትወርዱ አስቡበት።

ሌላው አነዳድ። ቀስ ብሎ መንዳት ባትሪ ያቆያል ይባላል እውነት ነው ግን ቆም ሄድ ማለት ይጎዳል ሚባለው ግን ወሬ ነው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ በ2024 92 ሴሎችን ለሁለት አመት ፈትሸው አንድ አይነት በሆነ ጉልበት ከሚለቀቀው ይልቅ እንደ ሰው አነዳድ አንዴ ረገጥ አንዴ ለቀቅ ሚደረገው የተሻለ እንደሚቆይ ነው ያገኙት፣ አንዳንዱ እስከ 38 ፐርሰንት። ስለዚህ የአራዳ ትራፊክ ለባትሪህ መድሃኒት ነው፣ ለነርቭህ ባይሆንም።

ሽቦ_ዘርጊው፦

ሰላም። እኔ መብራት ነው ምሰራው፣ ቤት ለቤት። ሁላችሁም ስለ ባትሪው ታወራላችሁ፣ እኔ ማየው ግን ባትሪ ከመድከሙ በፊት የግድግዳው ሶኬት ሲቀልጥ ነው።

እስኪ አስቡት። መኪናው ጋ አብሮ ሚመጣው ቻርጀር 10 አምፔር ከሆነ 2.2 ኪሎዋት ነው፣ 16 ከሆነ 3.5፣ ይሄ እንግዲህ የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ምጣድ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይነቀላል፣ መኪናው 10 ሰዓት 14 ሰዓት ሙሉ ተጥዶ ያድራል። ሳሎን ላይ ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይሄን አይችልም። አንድ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ባለቤቱ በመስኮት ኤክስቴንሽን ጎትቶ፣ የተረፈውን ገመድ ደግሞ እንዳያደናቅፍ ብሎ ጠቅልሎ ከምንጣፍ ስር አድርጎታል። ስነካው ያቃጥላል። የሶኬቱ ቀዳዳ አንዱ ጠርዙ ቡኒ ሆኖ ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ሰምጧል፣ ሽታው ቤቱ ውስጥ አለ እነሱ ለምደውት አይሰማቸውም።

ስለዚህ፦ ከማከፋፈያው ራሱን የቻለ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ለ16 አምፔር ርቀቱ ብዙ ካልሆነ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ብታደርጉ እመርጣለሁ፣ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ካሰባችሁ 6 ካሬ፣ እሱንም ቆጣሪያችሁ መቻሉን አስጠይቃችሁ። እና አርዝ፣ ወደ መሬት ሚወርደው መከላከያ ሽቦ። አርዝ። አብዛኛው የድሮ ቤት አርዝ የለውም፣ ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ እምቢ ሲል ሰው ተበላሸ ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ኒውትራሉን ከአርዙ ጋ አገናኝቶ ያታልለዋል። ይሄን ሚያደርግላችሁን ሰው ከቤት አስወጡት፣ ክረምት ላይ እርጥብ መሬት ቆማችሁ በሩን ስትነኩ ነው ውጤቱን ምታዩት።

የፍሪጅ ስታቢላይዘር ላይ አትሰኩ፣ አይችልም። ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ሚያበስልበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ 220 መሆን ያለበት 180 ሲሆን ለክቻለሁ፣ ቻርጀሩ ያኔ ወይ ይቆማል ወይ ይንቀራፈፋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይስተካከላል። መኪኖቹ ሰዓት ሚሞላበት ሴቲንግ አላቸው፣ ሌሊት 6 ላይ እንዲጀምር አድርጉት።

ቮልት_ከአራዳ፦

ጋሼ ሽቦ ያሉት ሰዓቱ ነገር ለባትሪውም ጥሩ ነው። ሌሊት 6 ላይ ጀምሮ ጠዋት ሊወጡ ሲሉ ከጨረሰ ከፍ ባለ ቻርጅ ሚቆምበት ጊዜ ያጥራል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

የማክሰኝቱ፦

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ቮልት ያልከውን ለካሁት፣ ቅዳሜ ማታ ነው፣ እንጀራ ሳይጋገር 😀። ከ30 እስከ 80 ቆጣሪው ላይ 41 ኪሎዋት ሰዓት ነው የቆረጠው። ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ? መኪናው ከተመረተ ሁለት አመት አልፎታል።

እና 80 አድርጌዋለሁ ግን አማቴ አልተዋጠላቸውም። እውነት ለመናገር እኔም ልቤ አላረፈም። መብራት ለሁለት ሶስት ቀን ቢሄድስ? ሌሊት ሰው ቢታመምስ?

ቮልት_ከአራዳ፦

እናስላው። ከ41ዱ ሁሉም ባትሪው ውስጥ አይገባም፣ ቻርጀሩ ይሞቃል የማቀዝቀዣው ፓምፕ ይሰራል፣ ከመቶ 11 ገደማ ይባክናል በል። 36.5 ገባ። እሱ የባትሪው ግማሽ ነው፣ ሙሉው 73 ማለት ነው። ያንተ አዲስ ሆኖ ሲወጣ ለመንዳት ሚለቀው 77 ገደማ ብለን ብንይዝ 95 ፐርሰንት ላይ ነህ። ፍሪጁንና አምፖሉን ከቀነስክ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ብቻ ከ90 በላይ ነው። ጂኦታብ ሚባል ድርጅት ብዙ መኪና ተከታትሎ እ.ኤ.አ 2024 ላይ ያወጣው በአማካይ በአመት 1.8 ፐርሰንት ነው ሚቀንሰው፣ መጀመሪያ አካባቢ ፈጠን ይልና ከዛ ይረጋል። ስለዚህ ባትሪህ ደህና ነው፣ ዳሽቦርዱ ነው ያስደነገጠህ። ፋብሪካዎቹም አብዛኞቹ 8 አመት ወይ 160,000 ኪሎሜትር ድረስ ከ70 በታች አይወርድም ብለው ነው ዋስትና ሚሰጡት፣ እርግጥ በነጋዴ በኩል ለገባ መኪና ያንን ዋስትና እዚህ ሚያከብርልህ ማን ነው ብትለኝ መልስ የለኝም።

መብራቱን በተመለከተ ደግሞ ስሜቱን ትተን ቁጥሩን እንይ። ከአዘዞ ፒያሳ ደርሶ መልስ ከነጉዳይህ 30 ኪሎሜትር በል። በመቶ ኪሎሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ በቀን 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከ80 እስከ 20 ያለህ 44 ነው። ያ ማለት መብራት 8 ቀን ቢጠፋ ቻርጅ ሳታደርግ ስራ ትመላለሳለህ። ሰው ታመመ ብለህ በሌሊት ባህርዳር ብትሄድ 180 ኪሎሜትር ነው፣ 80 ይዘህ ስትደርስ ከ20 በላይ ይተርፍሃል። የነዳጅ መኪና እያለህ ማታ ማታ ሙሉ ታንክ ይዘህ ነበር ምታድረው? አማትህ ሚሉት ልክ ሚሆነው ትንሽ ባትሪ ላለው ነው። ለሲጋሏም ቢሆን ከ80 እስከ 20 ያላት 23 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ቀላል መኪና ስለሆነች በቀን 4 እንኳ ብትበላ 5 ቀን ይሆናል።

መብራት እንደሚጠፋ ከተነገረ ወይ መንገድ ካለህ ግን 100 ሙላ፣ ምንም አይደለም። 80 ህግ አደለም ልማድ ነው።

ሲጋል_ነጂዋ፦

100 ሞልቻት 3 ሰዓት ያህል ተሰክታ ቆየች፣ ከዛ በኋላ መዝለሉን ትታለች። እግዜር ይስጥልኝ።

ፈጣን ቻርጅስ? አዲስ አበባ ያለች እህቴ ቤቷ መሰካት አትችልም፣ ኮንዶሚኒየም ነው ያለችው፣ ሁሌ ኢትዮ ቴሌኮም ቦሌ የከፈተው ጋ ነው ምትሞላው። ይጎዳታል?

ሊማሊሞ_ቁልቁለት፦

አልፎ አልፎ ከሆነ አይጎዳትም። ሁሌ ከሆነ ትንሽ ይጎዳል፣ ሙቀት ነውና። ዋናው ባትሪው በጣም ቀዝቅዞ ባለበት በሀይል ሲገባበት ነው፣ ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ትቶ ላዩ ላይ ይለጠፋል፣ ያ ነው ክፉው። መኪናው ግን ራሱ ያውቃል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ቀስ አድርጎ ነው ሚቀበለው። አዲስ አበባ ደግሞ አውሮፓ አደለም። 80 ሲደርስ ንቀይው በያት፣ ከዛ በኋላ መኪናው ራሱ ስለሚቀንሰው ከ80 እስከ 100 ምትጠብቀው ጊዜ ከ20 እስከ 80 ከጠበቀችው ሊስተካከል ምንም አይቀረው፣ ከኋላዋ የተሰለፈውም ሰው ይመርቃታል።

ገንዳውሃ_ወዲ፦

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። እኔ መተማ መስመር ነው ያለሁት፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ መጋቢት ሚያዝያ 40 ዲግሪ ነው። አንድ ሰው ኒሳን ሊፍ ያገለገለ በጥሩ ዋጋ ይዞልኛል፣ 24 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው። ልግዛ?

ቮልት_ከአራዳ፦

አንተ ጋ ነው እንግዲህ ሙቀቱ እውነተኛ ጠላት ሚሆነው። ሊፍ ባትሪውን በውሃ ሚያቀዘቅዝበት ነገር የለውም፣ ንፋስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ በ2012 አሪዞና ውስጥ የነበሩ ባለቤቶች ገና በሁለተኛ አመታቸው ባትሪያቸው እየወረደ አቤቱታ ያነሱት በዚሁ ምክንያት ነው፣ የነሱ በረሃና ያንተ ብዙ አይለያዩም። አይዲ4ም ሲጋልም በፈሳሽ ወይ በጋዝ ባትሪያቸውን ያቀዘቅዛሉ፣ አንተ ጋ ቢመጡ ይሻላሉ፣ እነሱም ቢሆኑ ጥላ ይፈልጋሉ። ቢያንስ ቆርቆሮ ዳስ ስራለት፣ ጎኑ ክፍት የሆነ።

ሊፉን ግን ዝም ብለህ አትጣለው፣ መጀመሪያ እየው። ዳሽቦርዱ ላይ በቀኝ በኩል ዳር ቀጫጭን መስመሮች አሉ፣ ከቻርጁ መስመር አጠገብ። አዲስ ሲሆን 12 ናቸው። የመጀመሪያዋ ስትጠፋ ባትሪው ወደ 85 ወርዷል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ እያንዳንዷ 6 ፐርሰንት ገደማ ናት። 8 ከቀረው 24 ሚለውን ቁጥር እርሳው፣ አንተ ጋ ባለው ሙቀት ከገንዳውሃ ሸህዲ እንጂ ጎንደር አያስገባህም። ሻጩ መኪናውን አስነስቶ ያንን ዳሽቦርድ ቀረብ አድርጎ ፎቶ ይላክልህ፣ እዚህ ለጥፈው።

ገንዳውሃ_ወዲ፦

ገንዳውሃና ሸህዲ አንድ ከተማ ነው ወንድሜ 😂 ግን ገባኝ። ፎቶውን ጠይቄዋለሁ፣ "ለምን ፈለግከው" እያለኝ ነው።

ሊማሊሞ_ቁልቁለት፦

በቃ መለሰልህ።